ከአርባ በኋላ ወደ ቢኤምኤክስ ሜዳ

ብዙ አዋቂ ወደ ቢኤምኤክስ፣ ጉብታ በበዛበት አፈር ሜዳ ላይ ወደሚደረገው የብስክሌት ውድድር፣ የሚገባው ልጁን ተከትሎ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ሜዳ ያደርሳል፣ አጥር ተደግፎ ያያል፣ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ብስክሌት ተውሶ ራሱ ጉብታው ላይ ይወጣል። ሜዳዎቹም አይመልሱትም። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ተወዳዳሪው የሚመደበው በዕድሜው ስለሆነ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ያሉ፣ ሃምሳን የተሻገሩም ጭምር ምድብ አላቸው። ከተለመደው ባለ 20 ኢንች ብስክሌት ሌላ 24 ኢንች ጎማ ያለው ክሩዘር የሚባል አለ፤ ረጋ ስለሚል አዋቂዎች ይወዱታል።

በኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ከተማ የምትሠራ አንዲት ትውልደ ኢትዮጵያዊት ፊዚዮቴራፒስት እነዚህን ወላጆች የምታገኛቸው ክንዳቸው አንገታቸው ላይ በታሰረ ማንገቻ ተንጠልጥሎ ነው። ከታካሚዎቿ አንዱ ከአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ዕድሜው አርባዎቹ አጋማሽ ላይ፣ የሁለት ልጆች አባት። ዝላይ ሲሞክር የፊት ጎማው ቀድሞ አረፈና በመሪው ላይ ተወርውሮ በትከሻው ወደቀ። ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ጫፍ የተጋደመው ቀጭን አጥንት መሃሉ ላይ ተሰበረ። የዚህ አጥንት ስብራት አብዛኛው የሚደርሰው እዚሁ መሃለኛው ሲሶ ላይ ነው። በብስክሌተኞች ዘንድ የተለመደ ጉዳት ነው። ለሾፌር ግን ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር እንጀራውን የሚያቋርጥ ነው፤ የቤት ኪራይ አጥንት እስኪገጥም አይጠብቅም። አብራው የመጣችው ባለቤቱም ስለ አጥንቱ አልጠየቀችም። «እህቴ፣ አንቺ ንገሪልኝ፤ እኔንስ አልሰማ ብሏል» ነው ያለችው።

ባለሙያዋ «ይተዉት» አላለችውም። ጉዳትን በክብደቱ ለይቶ ማየት አለበት ብላ ታምናለችና፣ በመጀመሪያው ቀን ያስረዳችው ይህንኑ ነው።

ጉዳቱን ለመመዘን ግን ስፖርቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ቢኤምኤክስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ያዩ ልጆች አፈር ሜዳ ላይ በትንንሽ ብስክሌቶቻቸው ያንኑ ማስመሰል ጀመሩ። በ2008 ቤጂንግ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። ስምንት ሰው ጎን ለጎን ተሰልፎ ከተዳፋት አናት ይነሳል፤ መንገዱ ከ300 እስከ 400 ሜትር ቢሆን ነው፤ ጎበዞቹ በ40 ሰከንድ ውስጥ ይጨርሱታል። ብስክሌቱ ማርሽ አይቀይርም፤ ፍሬኑም የኋላው ብቻ ነው። ስምንቱም በሙሉ ፍጥነት ወደ አንድ መታጠፊያ ይገባሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ከኋላው ያለው መሸሻ የለውም።

አኃዙ ያስፈራል። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ከቢኤምኤክስ ተወዳዳሪዎች 31 በመቶው ተጎዱ። በ2016 ሪዮ ላይ ቁጥሩ 38 በመቶ ደረሰ፤ በዚያ ኦሊምፒክ ከነበሩት ስፖርቶች ሁሉ ከፍተኛው ነበር፤ ቦክስ እንኳ 30 በመቶ ላይ ነው የቆመው። የሁሉም ስፖርተኞች አማካይ ደግሞ 8 በመቶ ነበር። ባለሙያዋ ይህን ቁጥር ለታካሚዎቿ አትደብቅም። አብራ ግን የምትነግራቸው አለ፦ እነዚያ ተወዳዳሪዎች የሚነሱት 8 ሜትር ከፍታ ካለው ተዳፋት ነው፤ በሰፋፊ ክፍተቶች ላይ ይዘላሉ፤ ለሜዳሊያ ሲሉም በሌሎች ተወዳዳሪዎች መሃል ያልተመቸ ክፍተት ውስጥ ይገባሉ። የሰፈር ሜዳ ተዳፋት ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ የአርባ ዓመቱ ጀማሪ ደግሞ ጉብታውን ሳይዘል፣ ጎማው አፈር ሳይለቅ ዳር እስከ ዳር መጨረስ ይችላል።

የማትደራደርበት ጉዳይ ራስና አንገት ነው። በሪዮ ወርቅ ያገኘው አሜሪካዊው ኮነር ፊልድስ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ ወድቆ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ፣ ጎድኑ ተሰበረ፣ ሳንባው ተጎዳ። በለንደን ብር ያገኘው አውስትራሊያዊው ሳም ዊሎቢ በ2016 ሴፕቴምበር ወር ልምምድ ላይ ሳለ ወድቆ የአንገቱ አከርካሪ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ዊልቸር ላይ ሆኖ ባለቤቱን አሊስን አሠለጠነ፤ እሷም በ2017 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ሌላው ተወዳዳሪ ካይ ሳካኪባራ በ2020 ባተርስት ላይ በደረሰበት አደጋ አንጎሉ ክፉኛ ተጎዳ። እህቱ ሳያ በቶኪዮ ራሷ ወድቃለች፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ግን ወርቁን ወሰደች። እነዚህ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ብስክሌት ላይ ያደጉ ናቸው፤ ችሎታ አደጋን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ስለዚህ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ያላደረገ ሰው ለልምምድም ቢሆን መውጣት የለበትም ትላለች። አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜትም አብቅቷል። ሾፌሩ የራሱን ይዞላት መጥቶ ነበር፤ ላይ ላዩን ሲታይ ጭረት ብቻ ነው፤ ውስጡን ስትገልጠው ግን በወደቀበት በኩል ስፖንጁ ሥር ያለው ፎም ተጠፍጥፎ በአውራ ጣት የሚሞላ ጎድጓዳ ፈጥሯል። ሁለተኛ ምት የሚመክትበት ነገር አልቀረውም። ከወደቀ በኋላ ራሱን ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው፣ ወይም የሆነውን ማስታወስ ያቃተው ሰው በዚያን ቀን ወደ ብስክሌቱ አይመለስም፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ረጋ ብሎ ከቆየ በኋላ በደረጃ ነው የሚጀምረው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን መልሷ አጭር ነው፦ ለውድድር አይውጡ።

እንዲያውም ይበልጥ የሚያሳስባት የእጅ አንጓ ነው፤ ሰው ይንቀዋልና። ወዳቂው እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይመክታል፣ አንጓው ትንሽ ያብጣል፣ «ወለምታ ነው» ይባላል፣ ቤት ውስጥ በቅባት ይታሻል። እሷ አውራ ጣቱን ቀስር ትለውና ግርጌው ላይ በሁለቱ ጅማቶች መሃል የምትታየውን ጎድጓዳ ስፍራ በጣቷ ጫን ትላለች። እዚያ ላይ ከጮኸ መታሸቱ ይቆማል። ከሥሩ ያለችው ስካፎይድ የተባለች ትንሽ አጥንት ስትሰበር የመጀመሪያው ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች፤ ስለዚህ እጁ ታስሮ ቆይቶ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ራጁ ይደገማል፣ ወይም ኤምአርአይ ይነሳል። ደም ወደዚህች አጥንት የሚገባው በጣት በኩል ካለው ጫፏ ስለሆነ ስብራቱ ለወዲያኛው ግማሽ የሚደርሰውን ደም ሊቆርጥ ይችላል። ያኔ አጥንቱ ሳይገጥም ይቀራል፣ ዓመታት ሲያልፉም አንጓው ይደርቃል።

ለሚጀምር አዋቂ ያላት ምክር ከወንበር መነሳት ላይ ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ በሰዓት ተከራይቶ ብስክሌት የነዳ ሰው «መንዳትማ እችላለሁ» ብሎ ይመጣል፤ እውነትም ነው፣ ግን የለመደው ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ነው። እዚህ ኮርቻው ዝቅ ያለ ነው፤ ጋላቢው ፔዳል ላይ ቆሞ፣ ጉልበቱንና ክርኑን አጥፎ፣ ጉብታውን ሲወጣ ብስክሌቱን ወደ ራሱ እየሳበ፣ ሲወርድ እየገፋ ነው የሚሄደው። ጀማሪው ይህን እስኪለምድ ከዝላይ እንዲርቅ፣ ጫማ የማይቆልፍ ፔዳል እንዲጠቀም፣ በውድድር ቀን ሳይሆን በልምምድ ቀን እንዲመጣ ትመክራለች። ከመነሻው በር በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል መፈንጠርንም ለኋላ ታቆየዋለች፤ የአዋቂ ሳንባና ልብ በጥቂት ሳምንት ይሻሻላል፣ ጅማቱ ግን ወራት ይፈልጋል፣ የባትና የተረከዝ ጅማት የሚቀደደው በዚህ ልዩነት መሃል ነው። አወዳደቅም ሣር ላይ ያለ ብስክሌት ይለመዳል፦ እጅ ወደ ደረት፣ አገጭ ወደ ደረት፣ በትከሻ ተንከባሎ መነሳት።

ለምን ታዲያ አትከለክልም? ከታካሚዎቿ ብዙዎቹ ቀኑን መሪ ጨብጠው ወይም ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው የሚውሉ፣ ጂም ከፍለው የተዉ፣ ስኳርና ደም ግፊት በራቸውን የሚያንኳኳባቸው ሰዎች ናቸው። ሾፌሩ በዓመታት ውስጥ ሳያቋርጥ የገፋበት ብቸኛው እንቅስቃሴ ይህ ነበር፤ ከልጁ ጋርም እኩል የሚያወሩበት ነገር አግኝተዋል። ይህን ከሰው መንጠቅ ቀላል አይደለም፤ ባለሙያዋም ትክክል ነች።

ለባለቤቱም መልስ ሰጥታታለች፣ እሱ በተቀመጠበት። ራጁ አጥንቱ መግጠሙን እስኪያሳይ ሜዳ የለም። ከዚያ ክንዱ ያለ ሕመም ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ መውጣት፣ ፑሽ አፕም መሥራት አለበት። ሲመለስ ክሩዘሩን ይዞ፣ ዝላይ ሳይሞክር፣ ውድድር ሲገባም ሰባቱን አሳልፎ የመጀመሪያውን መታጠፊያ መጨረሻ ላይ ይገባል። ባለቤቱ ሁሉንም በጽሑፍ እንድትሰጣት ጠየቀች፤ ጻፈችላት፤ ሾፌሩም ስለ ፑሽ አፑ ቁጥር ብቻ ተከራከረ።