ውሻዎ ከሳ ወይስ ልኩ ነው?

በቤትዎ ውሻ ካለ ዛሬ ማታ ምግቡን ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። አጠገቡ በርከክ ይበሉና ሁለቱን እጆችዎን በግራና በቀኝ ጎኑ ላይ ያሳርፉ። ዓይንዎን ቢጨፍኑም ጥሩ ነው፤ በውሻ ውፍረትና ክሳት ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተን ዓይናችን ነውና።

ጉባን ያስቡ። ጉባ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ ከሱዳን ጋር የሚዋሰን ቆላማ ወረዳ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠበት ዕለት አንስቶ፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀበት ድረስ፣ ሠራተኛውም ነጋዴውም መምህሩም ከየአቅጣጫው ወደዚያ ሲወርድ ኖሯል። ከደጋ ውሻውን ይዞ የሚወርድም አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው በቆላው መንደር ፀጉራቸው አጭር፣ እግራቸው ረጅም፣ ወገባቸው የገባ ውሾች ሲያይ፣ “ምነው፣ የሚያበላቸው የለም እንዴ?” ይላል። የማንኩሽ ሰው በበኩሉ አዲስ አበባ መጥቶ በታጠረ ግቢ ውስጥ እንደ በርሜል የተድበለበለ ውሻ ቢያይ፣ “ይሄ ሌባ ቢመጣ በምን እግሩ ይሮጣል?” ቢል አይፈረድበትም። ሁለቱም የፈረዱት በለመዱት ዓይን ነው። ከሁለቱ ግን ወደ እውነቱ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የማንኩሹ ሰው ነው። ጤነኛ ውሻ አብዛኞቻችን ከምናስበው ይልቅ ቀጠን ያለ ነው።

እጅ የሚናገረው

አሁን ቡጢ ይጨብጡና በሌላው እጅዎ ጣቶች የቡጢዎን አንጓዎች ይዳብሱ። አጥንቱ ያለ ሽፋን ይቆረቁራል። የውሻዎ የጎን አጥንት እንዲህ ከሆነ ከስቷል። ቀጥሎ እጅዎን ይዘርጉና ከጣቶችዎ በላይ ያለውን የእጅዎን ጀርባ ይዳብሱ፤ አጥንቱ በስስ ሽፋን ሥር በቀላሉ ይገኛል። ተስማሚው ይህ ነው። በመጨረሻም እጅዎን ገልብጠው መዳፍዎን፣ በተለይ ከአውራ ጣትዎ ሥር ያለውን ሥጋ ይጫኑ። አጥንቱን ለማግኘት እንዲህ መጫን ካስፈለገዎ ውሻዎ ወፍሯል።

ከዚያ ቆም ብለው ከላይ ወደ ታች ይመልከቱት። ከጎን አጥንቱ በኋላ ወገቡ ሊገባ ይገባል። ከጎን ሲያዩትም ሆዱ ወደ ኋላ እግሮቹ ሲሄድ ከፍ ማለት አለበት። የእንስሳት ሐኪሞች ይህንኑ ዳሰሳና እይታ አጣምረው ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ነጥብ ይሰጣሉ፤ 1 አጥንቱ የቀረ፣ 9 ከልክ ያለፈ ወፍራም ነው። 4 ወይም 5 ያገኘ ውሻ ልኩ ላይ ነው። ከ5 በላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ክብደቱ ከልኩ ከ10 እስከ 15 በመቶ ማለፉን ያመለክታል።

ፀጉሩ የበዛ ውሻ ዓይንን ስለሚያታልል እጅ የግድ ነው። ያረጀ ውሻ ደግሞ ሆዱ ወፍሮ የጀርባው ሥጋ ሊያልቅ ስለሚችል የአከርካሪውን ግራና ቀኝም ይዳብሱ።

ክሳት ሁሉ ረሃብ አይደለም

ጎኑ እንደ ቡጢ አንጓ የሚቆረቁር ውሻ አግኝተዋል እንበል። የመጀመሪያው ሐሳብ ምግብ መጨመር ነው፤ ደግም ነው። ሳህኑን ልሶ እያጠራ መክሳቱን ከቀጠለ ግን መልሱን ወጥ ቤት ውስጥ አያገኙትም።

የጉባ ገበሬ ገንዲን በከብቱ ያውቀዋል። በዓባይ ተፋሰስ ቆላማ ሸለቆዎች የሚገኘው ፀፀ የሚባለው ዝንብ ደም ሲመጥ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ያስተላልፋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይኸው በሽታ ውሻንም የሚይዝ መሆኑን ነው። ውሻው ትኩሳቱ መጣ ሄደት ይላል፣ ድዱ ይነጣል፣ በአንገቱ ሥር ያሉት ዕጢዎች ያብጣሉ፣ አንዳንዴ ዓይኑ ላይ እንደ ጉም ያለ ነጭ ነገር ይጋረዳል፣ ሥጋውም ከቀን ወደ ቀን ያልቃል። ከደጋ የመጣ ባለቤት ይህን ሁሉ “ሙቀቱ አልተስማማውም” ብሎ ያልፈዋል። መዥገር የሚያስተላልፋቸው የደም በሽታዎችም ተመሳሳይ መልክ አላቸው። ለይቶ ለማወቅ ደሙ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበትና ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳዩት።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። ለከብት ከተገዛው የገንዲ መድኃኒት ቆንጥረው ለውሻው አይስጡ። ዲሚናዚን የተባለው መድኃኒት በትንሽ ከረጢት ሲሸጥ አንዱ ከረጢት ለ300 ኪሎ ያህል ከብት የሚበቃ ሊሆን ይችላል። በውሻ ላይ ደግሞ በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ አንጎልን ይጎዳል፣ ያንገዳግዳል፣ ይገድላልም። የውሻውን ትክክለኛ ኪሎ ማወቅ ሕይወት የሚሆነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ታዲያ በምን ይመዘናል? ትንሽ ከሆነ በሰው ሚዛን ላይ መጀመሪያ እርስዎ ብቻዎን ይውጡ፤ ከዚያ አቅፈውት ይውጡና ልዩነቱን ያስሉ። 62 የነበረው 75 ካለ ውሻው 13 ኪሎ ነው። የማይታቀፍ ትልቅ ውሻ ከሆነ የእህል ነጋዴ መሬት ላይ የሚያስቀምጠው ሚዛን ይበቃል። ነጋዴው ቢስቅብዎ ይሳቅ።

ጎኑ የሚቆጠር፣ ሆዱ ግን እንደ ከበሮ የተወጠረ ቡችላ ካለዎት “ጠግቧል” ብለው አይደሰቱ፤ ብዙ ጊዜ ትላትል ነው። የአንዳንዱ ትል እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ልጆች እጅ ይሻገራል። ምንም ሳያከሳ የሚኖርም አለ። በበዓል በግ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ ያቋረ ከረጢት ሲገኝ፣ “ይህ ለሰው አይሆንም” ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘር በውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ እንቁላሉን ይበትናል። ወደ ሰው ሲገባ በጉበት ወይም በሳንባ ውስጥ ለዓመታት እያደገ ቆይቶ ቀዶ ሕክምና እስከሚጠይቅ ይደርሳል። ውሻው ግን ወዙ እንኳ አይቀንስም። እንዲህ ያለውን ሥጋ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት።

ከፍቅር የሚመጣ ውፍረት

አሁን ወደ አዲስ አበባው ግቢ እንመለስ። እዚያ ያለው ውሻ ቀኑን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። እናት ቁርስ ላይ ትጥልለታለች፣ ልጆች ከምሳቸው ያካፍሉታል፣ ዘበኛው ከእራቱ ይቆርስለታል። ሁሉም “ትንሽ ነው የሰጠሁት” ይላል፤ እውነቱንም ነው። የሦስቱን ትንሽ የደመረው ግን የለም። ከነዓናዊቷ ሴት ቡችሎች ከጌቶቻቸው ማዕድ ፍርፋሪ እንደሚበሉ ስትናገር ከአንድ ማዕድ ስለሚወድቅ ፍርፋሪ እንጂ በቀን አምስት ጊዜ ስለሚመጣ ሳህን አልነበረም።

20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 5 ኪሎ የሚመዝነውን አራት እጥፍ መብላት ያለበት ይመስላል። አይደለም፤ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ትልቅ አካል ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚያቃጥለው ኃይል አነስተኛ ነው። ስለዚህ ትልቁን ውሻ በመጠኑ ልክ ስናጎርሰው ሳናውቀው እናወፍረዋለን።

ጉዳቱ የመልክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት 48 የላብራዶር ዝርያ ውሾችን ከቡችላነታቸው ጀምሮ ተከታትሏል። ግማሾቹ ከእኩዮቻቸው በ25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። አነስተኛ የበሉት አማካይ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመምም ዘግይቶ ነው የያዛቸው። ከውሻ ዕድሜ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ማለት ልጅዎ አንደኛ ክፍል ሲገባ የነበረው ውሻ ስንተኛ ክፍል ሲደርስ አብሮት ይኖራል የሚለውን ይለውጣል።

በቆላ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ጉባ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ውሻ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ መላ መድኃኒቱ ማለክለክ ነው። ስቡ ደግሞ እንደ ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቱን ይይዝበታል። ወፍራም ውሻ ይዘው ወደ ቆላ የሚወርዱ ከሆነ ከመንገዱ ወራት በፊት ያክሱት። ማለክለኩ አላቆም ብሎ፣ ምራቁ ወፍሮ ከተንገዳገደ ጥላ ሥር አድርገው ውሃ ያፍስሱበትና ነፋስ እንዲያገኘው ያድርጉ፤ ለሐኪም እስኪደርስ አይጠብቁ።

ማክሳት ግን ማስራብ አይደለም። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢቀንስ ይበቃል፤ ለ30 ኪሎ ውሻ ከ300 እስከ 600 ግራም ማለት ነው። ምግቡን የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይመድቡ፣ ሁልጊዜ በአንድ ጣሳ ይለኩ፣ ከዚያ ከጣሳው ጥቂት ይቀንሱ። ወጥ የነካውን እንጀራ ባይሰጡት ይመረጣል፤ ቅባቱ እንዳለ ሆኖ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተበስለውም ቢሆን የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ።

“የጠገበ ውሻ ይተኛል፤ ጠባቂ እንዲሆን ይራብ” የሚሉ አሉ። የተራበ ውሻ ግን ግቢ አይጠብቅም፤ አጥር ሾልኮ ቄራና ቆሻሻ መጣያ ይዞራል። እዚያ ከሌሎች ጋር ይናከሳል፤ የእብድ ውሻ በሽታንም ይዞ ወደ ልጆችዎ ይመለሳል። ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ውሻዎን ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያም ባለሙያው በሚያዝዘው ጊዜ ያስከትቡት። ለክትባት ሲወስዱት ኪሎውንም በዚያው ካርድ ላይ ያስጽፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከሳ ወይስ ወፈረ የሚለውን ክርክር ካርዱ ይፈታዋል።