ነጸብራቅን የሚያስወግዱ ጥንድ ማጣሪያዎች

ኮንራድ ቪትስ በ1444 እ.ኤ.አ. ለጄኔቫ ካቴድራል የሣለውና ዛሬ በከተማዋ የሥነ ጥበብና የታሪክ ሙዚየም የሚገኘው የመሠዊያ ገበታ ሥዕል የወንጌሉን ታሪክ በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ያሳያል፤ ወደ ክርስቶስ ሲሄድ መስጠም የጀመረው የጴጥሮስ እግሮችም በውኃው ውስጥ ጥርት ብለው ይታያሉ። እንዲህ ያለውን የቅብ ሥዕል በፍላሽ የሚያነሳ ባለሙያ ግን ሠዓሊው በጥንቃቄ የሠራውን ዝርዝር ለማግኘት በቅድሚያ ከቫርኒሹ ላይ የሚመለሰውን ነጸብራቅ ማስወገድ ይኖርበታል።

ብርሃን ሞገድ ሲሆን፣ ንዝረቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲወሰን ፖላራይዝ ሆነ ይባላል፤ ፖላራይዚንግ ማጣሪያም በዚያው አቅጣጫ የሚነዝረውን ብቻ የሚያሳልፍ ገጽ ነው። ከመስታወት የሚመለስ ብርሃን ይህን ጠባይ እንደሚይዝ ፈረንሳዊው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ በ1808 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ሲሆን፣ ጄኔቫዊው ዣክ ሉዊ ሶሬም በ1869 እ.ኤ.አ. የሐይቁን ሰማያዊ ብርሃን በዚሁ ረገድ መርምሯል። በፀሐይ ብርሃን የሐይቁን ገጽ ለሚያነሳ ሰው በሌንስ ላይ የተገጠመ አንድ ማጣሪያ ብዙ ይረዳዋል፤ ሆኖም ይህ በደንብ የሚሠራው ብርሃኑ ውኃውን ለገጹ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር 53 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ ሲመታ ነው። በስቱዲዮ ውስጥ ግን የመብራቱ ማዕዘን በሥራው ስለሚወሰን፣ ብረትም ነጸብራቁን በዚህ መንገድ ፖላራይዝ ስለማያደርግ፣ የሌንሱ ማጣሪያ ብቻውን በቂ አይሆንም።

መፍትሔው ፍላሾቹንም በማጣሪያ መሸፈን ነው። ከዚያ ወዲህ ከገጹ ላይ በቀጥታ የሚመለሰው ብርሃን የመጣበትን የንዝረት አቅጣጫ እንደያዘ ሲቀር፣ በቀለሙ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ደጋግሞ የተበተነው ግን ያጣዋል፤ የሌንሱ ማጣሪያ ከፍላሾቹ ማጣሪያ ጋር በ90 ዲግሪ ሲገናኝም (ማጣሪያዎቹ ተሻገሩ የሚባለው ያኔ ነው) የመጀመሪያው ይታገዳል፣ ሁለተኛው በከፊል ያልፋል። ቀለሙ የሚጠልቀውና የሚደምቀው በዚህ ምክንያት ነው። አሠራሩ ሲጀመር ሁለቱ ፍላሾች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ገደማ ይቆማሉ፣ ማጣሪያዎቻቸውም አንድ ዓይነት አቅጣጫ ይይዛሉ፤ ቀጥሎ የብረት ማንኪያ በሥዕሉ ቦታ ተይዞ፣ በላዩ ላይ የሚያበሩት ሁለት ነጥቦች እስኪጠፉ ድረስ የሌንሱ ማጣሪያ ይዞራል። በዚህ ሂደት ብርሃኑ ወደ አንድ ስምንተኛ ወይም ከዚያ በታች ስለሚወርድ ብርቱ ፍላሽ ያስፈልጋል፤ ሙቀት ማጣሪያውን ስለሚጎዳም ከፍላሹ ጋር የሚበራው የመመልከቻ አምፖል ይጠፋል። የተሻገሩ ማጣሪያዎች ጥቂት ሐምራዊ ብርሃን ስለሚያሾልኩ፣ የቀለም መለኪያ ካርድ አብሮ ማንሳት የግድ ነው።

በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የኢትኖግራፊ ሙዚየም፣ የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከኢትዮጵያ ያመጣቸው ቅርሶችና ያነሳቸው ፎቶግራፎች ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ ስብስብ ላይ የዘዴው ገደብ ይገለጣል፤ በብር የተለበጠ የቆዳ ጋሻ በተሻገሩ ማጣሪያዎች ሲነሳ የቆዳው ቀለምና ስንጥቅ ይወጣል፣ ብሩ ግን እንደ እርሳስ ይጠቁራል፣ ብርሃኑን በቀጥታ ከላይ ስለሚመልስ ማጣሪያው ሙሉ በሙሉ ይውጠዋልና። ነጸብራቁ የዕቃው ማንነት በሆነበት ሁኔታ ማጥፋቱ ስሕተት በመሆኑ፣ የተሻለው አካሄድ ጋሻውን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ አንድ ጊዜ ማጣሪያዎቹን አሻግሮ፣ ሌላ ጊዜ የሌንሱን ማጣሪያ ጥቂት አዙሮ የብሩን ብልጭታ በመመለስ ሁለቱንም ማንሳት፣ በመዝገቡም ላይ የትኛው ምስል በየትኛው ሁኔታ እንደተነሳ ማስፈር ነው።