አሳሾች፣ ሐውልትና በዓል፦ ክብሩ ለማን ይገባል?

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ የሚወስደው መንገድ አፍሪካ ጎዳና ነው። ቦሌ ውስጥ ካሜሩን ጎዳና አለ፤ በመገናኛ በኩል ያለው በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ይጠራል፤ ገርጂ የቦብ ማርሌ ሐውልት ቆሟል። ከእነዚህ መካከል አንድም አገር አሳሽ የለም። ሌላው ዓለም ግን አሳሾቹን በሐውልትና በበዓል ሲያከብር ኖሮ፣ ዛሬ በዚሁ ክብር ይከራከራል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ እንኳ በ2019 እ.ኤ.አ. የኮሎምበስን ቀን ትታ የነባር ሕዝቦች ቀን ብላዋለች።

ክርክሩ እኛንም ይነካል። ጣሊያናዊው መኮንን ቪቶሪዮ ቦቴጎ የኦሞን ወንዝ ተከትሎ ቱርካና ሐይቅ ደረሰ፤ አባያ ሐይቅንም በንግሥቱ በማርጌሪታ ስም ሰየመው። ጉዞው ለአገሩ የቅኝ ግዛት ምኞት ያገለግል ነበር። በ1897 እ.ኤ.አ. ወለጋ ውስጥ ተገደለ። የትውልድ ከተማው ፓርማ ያቆመችለት ሐውልት እሱን ከላይ፣ ኦሞንና ጁባን የሚወክሉ ሁለት አፍሪካውያንን ከእግሩ ሥር ያሳያል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ያገኘሁ እኔ ነኝ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 እ.ኤ.አ. ምንጩን አይቶታል፤ የሰከላ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ያውቀዋል። ብሩስን መናቅ ግን አይገባም። የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች ወደ አውሮፓ የወሰደው እሱ ነው፤ በዘመነ መሳፍንት መባቻ ስለነበረችው ጎንደርም በዓይኑ ያየውን ጽፏል።

የእኛ ታሪክም ያስተምራል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሐምሌ 16 የልደት፣ ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል ነበሩ፤ ዙፋኑ ሲወድቅ አብረው ቀሩ። የሌኒን ሐውልትም በ1983 ዓ.ም. ከደርግ ጋር ወደቀ። የካቲት 23 ግን መንግሥት በመንግሥት ሲተካ ጸንቷል፤ ዓድዋ የዘመተው ሕዝብ ነውና። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም ለባቡር ግንባታ ከተነሣ በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰው፣ አቡኑ ለሕዝብ ሲሉ በመሞታቸው ነው።

ስለዚህ ሚዛኑ ግልጽ ይመስለኛል። የሕዝብ በዓል ለሕዝብ ሥራ ይሁን፤ ሐውልት ለሰው የሚቆመው ለአካባቢው ሕዝብ ለዋለው ውለታ ነው። በሰው አገር የሚታወቅን ወንዝ ለራስ አገር ማስተዋወቅ ዕውቀት ነው፤ ቦታውም መጽሐፍና ሙዚየም ነው። እዚያም የአሳሹ ስም ብቻውን አይጻፍ፤ መንገድ የመሩት፣ ያስተረጎሙት፣ ያስተናገዱት ሰዎች አብረው ይነገሩ። ቦሌ አዳዲስ ጎዳናዎቿን ስትሰይም በዚሁ ሚዛን ብትመዝን፣ ነገ የሚያፍሩበት ስም ለልጆቿ አታወርስም።