የእጅ ስልክ ካርታዎች ፉክክርና የትክክለኛነታቸው መጠን

ካርታ ለብዙ ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘጋጅቶ፣ በወረቀት ታትሞና በመማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይ የትምህርት መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ግን በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ፣ ተጠቃሚው ያለበትን ስፍራ እያመለከተና ወዴት መታጠፍ እንዳለበት በድምፅ እየተናገረ ይመራል። ይህን አገልግሎት የሚያቀርቡት በአብዛኛው እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ታላላቅ የንግድ ኩባንያዎች ናቸው። ስለሆነም መምህሩም ሆነ የትምህርት ፕላን አውጪው፣ እነዚህ ካርታዎች በምን ረገድ እንደሚታመኑና በምን ረገድ እንደማይታመኑ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

የትክክለኛነት ሦስት ክፍሎች

«ይህ ካርታ ትክክል ነውን?» የሚለው ጥያቄ በውስጡ ሦስት ጥያቄዎችን ይዟል። እነርሱም፦

ሀ/ ስልኩ ራሱ ያለበትን ቦታ በትክክል ያውቃልን?
ለ/ በካርታው ላይ የሰፈረው መረጃ ከመሬቱ ጋር ይስማማልን?
ሐ/ የተመረጠው መንገድ በእርግጥ የተሻለው ነውን? የሚሉት ናቸው።

በመጀመሪያው ጥያቄ ረገድ ስልኩ የሚመራው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ ሥርዓት ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። ስልኩ ምልክቱ የተላከበትንና የደረሰበትን ጊዜ አነጻጽሮ ርቀቱን ያሰላል። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት በርቀት ላይ የ300 ሜትር ስሕተት ያስከትላል። የስልኩ ሰዓት ደግሞ ይህን ያህል የተስተካከለ አይደለም። ኬክሮስን፣ ኬንትሮስንና ከፍታን ለማግኘት ከሚያስፈልጉት ሦስት ሳተላይቶች በተጨማሪ አራተኛ ሳተላይት የሚያስፈልገው የሰዓቱን ጉድለት ለማረም ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ የነበረ ሲሆን፣ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2000 አቁሟል። በአሁኑ ጊዜ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ስፍራ የአንድ የእጅ ስልክ ስሕተት 5 ሜትር ያህል ነው። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከልና በገደላማ ሸለቆ ውስጥ ግን ምልክቱ እየተጋጨ ስለሚመለስ ስሕተቱ ይጨምራል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ቁም ነገር፣ በአንድ ስልክ ላይ የተጫኑ የካርታ መተግበሪያዎች ሁሉ የቦታውን ልክ የሚቀበሉት ከዚያው ከስልኩ መሆኑ ነው። የኩባንያዎቹ ዋነኛ ልዩነት የሚታየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

የ2012 ትምህርት

የአፕል ኩባንያ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ሲቀርብ የተጠቀመው በተፎካካሪው በጉግል የካርታ መረጃ ነበር። ጉግል ግን በድምፅ የመምራት አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው በራሱ በአንድሮይድ ሥርዓት በሚሠሩ ስልኮች ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 የጉግልን ካርታ አስወግዶ፣ ቶምቶም ከተባለው ኩባንያና ከሌሎች ምንጮች ባገኘው መረጃ የራሱን ካርታ አወጣ። ወዲያውም የተሳሳቱ የቦታ ስሞች፣ ያለ ቦታቸው የተቀመጡ ተቋማትና የጎደሉ መንገዶች ታዩበት። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ቲም ኩክ በዚያው ወር በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ካርታው እስኪሻሻል ድረስም ደንበኞቹ በተፎካካሪዎቹ ካርታዎች እንዲገለገሉ መከረ።

በታኅሣሥ 2012 ደግሞ የአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት ፖሊስ ከባድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ካርታው ሚልዱራ የተባለችውን ከተማ ከእውነተኛ ስፍራዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል አርቆ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አስቀምጧት ነበር። በዚያ ስፍራ ውኃ የለም፤ ሙቀቱም እስከ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። ካርታውን አምነው ከሄዱት አሽከርካሪዎች አንዳንዶቹ ያለ ምግብና ያለ ውኃ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ቆይተዋል። ከዚህ እንደሚታየው፣ ሳተላይቱ መኪናው ያለበትን ቦታ በሚገባ ቢናገርም የመድረሻው ነጥብ ከተሳሳተ መንገደኛው በትክክል ተመርቶ ወደ ተሳሳተ ቦታ ይደርሳል።

ፉክክሩ ያስገኘው ውጤት

ጉግል በዚያው ታኅሣሥ ወር በአፕል ስልኮች ላይ የሚሠራ፣ በድምፅ የሚመራ መተግበሪያ አቀረበ። አፕል በበኩሉ ካርታውን በራሱ ተሽከርካሪዎች በሚሰበሰብ መረጃ እንደ አዲስ መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አስታወቀ። በዚህ ረገድ ፉክክሩ ለተጠቃሚው ጠቅሟል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 ጉግል በእስራኤል የተመሠረተውንና ከአሽከርካሪዎች በሚደርሰው ወቅታዊ ወሬ የታወቀውን ዌዝን መግዛቱ፣ ተፎካካሪዎች በመዋዋጥ ሊቀንሱ እንደሚችሉ ያሳያል።

ከንግድ ውጭ የሆነ አማራጭም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር በስቲቭ ኮስት የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ በበጎ ፈቃደኞች የሚሣል ካርታ ሲሆን፣ ማንም ሰው ሊያርመውና ያለ ክፍያ ሊወስደው ይችላል። መረጃውን አስቀድሞ በስልክ ላይ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ስለሚቻል የግንኙነት መስመር ለማይደርስባቸው ትምህርት ቤቶች አመቺ ነው።

የመንገድ ምርጫና የትምህርት ቤት ፕላን

መንገድ የሚመረጠው በስሌት ነው። ለዚህ ሥራ መሠረት ከሆኑት ዘዴዎች አንዱን ሆላንዳዊው ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳትሞታል። ስሌቱ ግን የሚያውቀው በካርታው ላይ የተሣለውን መንገድ ብቻ ነው። የመኪና ጭንቅንቅን የሚገምተውም ከተጠቃሚዎች ስልኮች ከሚደርሰው የፍጥነት መረጃ ስለሆነ፣ ስልክ የያዘ መንገደኛ በማይበዛበት ስፍራ ግምቱ ደካማ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን ፕላን አውጪዎች በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የገጠር ተማሪ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሄደው በእግር መንገድ ነው፤ ይህም መንገድ ብዙውን ጊዜ በስልኩ ካርታ ላይ አይገኝም። በሌላ በኩል በካርታው ላይ በቀጥታ መስመር 3 ኪሎ ሜትር የሚመስለው ርቀት በመካከሉ ገደል ወይም በክረምት የሚሞላ ወንዝ ካለ የግማሽ ቀን ጉዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዲስ ትምህርት ቤት የሚሠራበትን ቦታ በስልክ ካርታ ብቻ መወሰን ሕፃናትን ከትምህርት ገበታ ሊያርቅ ይችላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የቀድሞው የ1:50,000 መስፈርት የኢትዮጵያ ካርታ የተዘጋጀው አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ ሲሆን፣ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚጠቀመው ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 በተባለው ነው። ከስልክ የተገኘ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ሳይለወጥ በቀድሞው ካርታ ላይ ቢሠፍር ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይዛነፋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ስሕተቱ የሚፈጠረው ሳያስተካክሉ ሲያደባልቁ ነው።

በክፍል ውስጥ ምን ይሠራ?

የጂኦግራፊ መምህር አንድ ስልክ ብቻ ቢኖረው እንኳ የሚከተለውን ልምምድ ሊያሠራ ይችላል።

1. ተማሪዎች ከትምህርት ቤቱ እስከ ገበያው ያለውን መንገድ ከልምዳቸው በመነሣት፣ ዛፉን፣ ድልድዩንና ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ምልክት አድርገው በወረቀት ይሣሉ።
2. ሥዕሉን ከሁለት የስልክ ካርታዎች ጋር ያነጻጽሩ፤ የጎደለውን፣ የተጨመረውንና ስሙ የተዛባውን በሠንጠረዥ ይመዝግቡ።
3. መንገዱን በእግራቸው ሄደው የትኛው ልክ እንደሆነ ይፍረዱ፤ የተገኘውንም ስሕተት ለማረም በሚፈቅደው ካርታ ላይ በመምህሩ አማካይነት ያስተካክሉ።

በዚህ ልምምድ ተማሪው ካርታ በሰው እጅ የሚሠራና የሚታረም ነገር መሆኑን ይረዳል። ኩባንያዎቹ በሚፎካከሩበት ገበያ የአንዲት ትንሽ ቀበሌ መንገድ ምናልባት ተራው ዘግይቶ ይደርሰው ይሆናል። የቀበሌው ልጆችና መምህራቸው ግን መንገዱን በየቀኑ ይሄዱበታልና፣ ስለ እርሱ ለመመስከር ከሁሉ የቀረቡት እነርሱ ናቸው።