የኤልኢዲ የእጅ ባትሪ ብርሃን በጊዜ ሂደት የሚዳከምበት ምክንያት፦ የሙቀት መንገድ ሚና

መግቢያ

የኤልኢዲ የእጅ ባትሪ አዲስ ሳለ ይሰጥ የነበረው ብርሃን እየቀነሰ ሲሄድ ተጠቃሚው በቅድሚያ የሚጠረጥረው የባትሪ ድንጋዩን ነው። ድንጋዩ ተለውጦም ብርሃኑ ካልተመለሰ «አምፖሉ ተቃጥሏል» ተብሎ ዕቃው ይጣላል። በሁለቱ ድምዳሜዎች መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘለል ምክንያት አለ፤ እርሱም ሙቀት ነው። ከኤሌክትሪክ መስመር ርቆ በሚኖር ቤተሰብ ዘንድ የእጅ ባትሪና የፀሐይ ፋኖስ ተማሪ የሚያጠናበት፣ ከብት የሚታይበት፣ በጤና ኬላም ሕሙማን የሚረዱበት ብርሃን ነው። ከጥቂት ወራት አገልግሎት በኋላ የፈዘዘ መብራት ገዢውን ወደ ኩራዝ ሊመልሰው ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ሙቀት የኤልኢዲን ብርሃን የሚቀንስባቸውን ሁለት መንገዶች ለይቶ ያብራራል። አንደኛው ዕቃው ሲቀዘቅዝ የሚመለስ፣ ሁለተኛው የማይመለስ ነው። የሁለቱም መጠን የሚወሰነው በኤልኢዲው ጥራት ብቻ ሳይሆን ሙቀት ከኤልኢዲው ተነሥቶ እስከ ውጭው አየር በሚጓዝበት መንገድ ጭምር መሆኑንም ያሳያል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ነጭ ኤልኢዲ በአብዛኛው 450 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ብርሃን የሚያመነጭ ትንሽ ቺፕ ነው። በላዩ ያለው የፎስፈር ንጣፍ ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉን ወደ ቢጫ ይለውጣል፤ የሁለቱ ድብልቅ ለዓይን ነጭ ሆኖ ይታያል። በዚህ ሂደት ከገባው የኤሌክትሪክ ኃይል ግማሽ ያህሉ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የቀድሞው ባለክር አምፖል አብዛኛውን ሙቀቱን በኢንፍራሬድ ጨረር ያስወጣ ነበር። ነጭ ኤልኢዲ የሚያወጣው ኢንፍራሬድ ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ሙቀቱ ከቺፑ መጋጠሚያ በጀርባ በኩል በጠጣር አካል ውስጥ ተላልፎ መውጣት አለበት።

የመጋጠሚያው የሙቀት መጠን በቀላል ስሌት ይገመታል፤ ወደ ሙቀት የተለወጠው ኃይል በመንገዱ ጠቅላላ የሙቀት ፍሰት ተቃውሞ ይባዛል፣ ውጤቱም በአካባቢው አየር የሙቀት መጠን ላይ ይደመራል። ለምሳሌ የውጭ ገጹ 100 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነ የአሉሚኒየም የእጅ ባትሪ ይወሰድ። ገጹ በአየር ዝውውርና በጨረር ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና ለእያንዳንዱ የሴልሺየስ ዲግሪ ልዩነት 10 ዋት ቢያስወጣ፣ ከገጹ እስከ አየሩ ያለው ተቃውሞ በዋት 10 ዲግሪ ይሆናል። ኤልኢዲው በ1 አምፔርና በ3 ቮልት ሲሠራ ከ3 ዋቱ 1.8 ዋት ሙቀት ቢሆን፣ ገጹ ከአየሩ በ18 ዲግሪ ብቻ ይበልጣል። ኮረንቱ 3 አምፔር፣ ቮልቴጁም 3.4 ሲሆን ግን ከ10.2 ዋት 6.6 ያህሉ ሙቀት ሊሆን ይችላል፤ ገጹም ከአየሩ በ66 ዲግሪ ይበልጣል። አየሩ 25 ዲግሪ ከሆነ ገጹ 91 ዲግሪ ይደርሳል። የውስጠኛው መንገድ ተቃውሞ በዋት 5 ዲግሪ ቢሆን መጋጠሚያው 124 ዲግሪ ላይ ይገኛል። እንዲህ የጋለ ዕቃ በእጅ ሊያዝ አይችልም።

ሲቀዘቅዝ የሚመለስ መቀነስ

መጋጠሚያው ሲሞቅ በቺፑ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ ተሸካሚዎች ብርሃን ሳይሰጡ የሚዋሐዱበት ዕድል ይጨምራል፤ የፎስፈሩም ብቃት በመጠኑ ይወርዳል። በመሆኑም ነጭ ኤልኢዲ ኮረንቱ ሳይለወጥ ከ25 ወደ 85 ዲግሪ ሲሞቅ ብርሃኑ በግምት ከ5 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከዚህ በተጨማሪ በብዙ ዘመናዊ የእጅ ባትሪዎች ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ገጹ እጅን እንዳይፈጅ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ኮረንቱን ይቀንሳል።

በማሸጊያው ላይ የሚታተመው የሉመን ቁጥር ይህን አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የወጣው ኤኤንኤስአይ ኤፍኤል1 የተባለው ደረጃ ብርሃኑ የሚለካው መብራቱ ከተከፈተ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲሆን ይደነግጋል። የቆይታ ጊዜውንም ብርሃኑ ወደ መነሻው 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ይቆጥራል። የዕቃው አካል ግን ወደ ሙቀት ሚዛን ለመድረስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የታተመው ቁጥር ገና ያልሞቀ ዕቃ የሚሰጠው ብርሃን ነው።

የማይመለስ መዳከም

ሁለተኛው መንገድ ዝግተኛ ነው። ከፍተኛ የሙቀት መጠንና ሰማያዊ ብርሃን ተባብረው በቺፑ ዙሪያ ያሉትን ቁሶች ይለውጣሉ። በርካሽ የእጅ ባትሪዎች የሚገኘው ባለ 5 ሚሊሜትር ኤልኢዲ በኢፖክሲ ሙጫ የተሸፈነ ነው፤ ሙጫውም እየወየበ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። በአሜሪካ የሬንሴለር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የመብራት ምርምር ማዕከል ናዳራጃህ ናሬንድራንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ የመዳከሙ ፍጥነት በመጋጠሚያው የሙቀት መጠንም ሆነ በአጭር ሞገድ ብርሃኑ ብዛት እንደሚወሰን፣ ከሁለቱ ግን የሙቀቱ ተጽዕኖ እጅግ እንደሚበልጥ አሳይተዋል።

ከፍተኛ ኃይል ያላቸው ኤልኢዲዎች ከኢፖክሲ ይልቅ ሙቀትን በተሻለ የሚችል ሲሊኮን ይጠቀማሉ፤ ይሁንና እነርሱም ከጉዳት ነጻ አይደሉም። በአንዳንዶቹ ውስጥ ብርሃን አንጸባራቂ የሆነው የብር ንጣፍ ከጎማ ቀለበት በሚወጣ ድኝ ይጠቁራል። በጠባብና በታሸገ አካል ውስጥ ከማጣበቂያ የሚተነው ንጥረ ነገር ወደ ሲሊኮኑ ሰርጎ ያጠቁረዋል፤ ይህኛው ጉዳት ዕቃው ተከፍቶ አየር ሲያገኝ በከፊል ሊለቅ ይችላል። መሞቅና መቀዝቀዝ ሲፈራረቁ ደግሞ ብየዳው ይሰነጠቃል፤ የሙቀት ፍሰት ተቃውሞው ይጨምራል፤ መጋጠሚያውም ይበልጥ ይሞቃል። ጉዳት ሌላ ጉዳት የሚያፋጥንበት ዑደት በዚህ ይጀመራል።

የእነዚህ ለውጦች ፍጥነት ብዙ ጊዜ በአሬኒየስ ቀመር ይገለጻል። የሂደቱ የማነሣሻ ኃይል 0.4 ኤሌክትሮን ቮልት ነው ቢባል፣ የሙቀት መጠኑ ከ85 ወደ 105 ዲግሪ ሲያድግ መዳከሙ በግምት 2 እጥፍ ይፈጥናል። በ85 ዲግሪ ብርሃኑ ወደ መነሻው 70 በመቶ ለመውረድ 20,000 ሰዓት የሚፈጅበት ኤልኢዲ በ105 ዲግሪ 10,000 ሰዓት ገደማ ብቻ ይፈጅበታል ማለት ነው።

አምራቾች የሚጠቅሱት የአገልግሎት ዘመን በአብዛኛው የሚመነጨው ኤልኤም-80 ከተባለው የፍተሻ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ኤልኢዲው ቢያንስ ለ6,000 ሰዓት የሙቀት መጠኑ በጥብቅ ተጠብቆ፣ ለምሳሌ በ55 እና በ85 ዲግሪ፣ ይፈተሻል። የተገኘው ዕድሜ የሚሠራው የእጅ ባትሪው አካል ኤልኢዲውን በዚያው የሙቀት መጠን ላይ ሊያቆየው ከቻለ ብቻ ነው።

መንገዱ የሚዘጋባቸው ቦታዎች

ሙቀት የማስተላለፍ አቅም በሜትርና በዲግሪ በዋት ሲለካ መዳብ 400፣ የተለመዱ የአሉሚኒየም ቅይጦች 170 ገደማ ናቸው። ተራው የፋይበርግላስ ሰርኪዩት ሰሌዳ ግን 0.3፣ ፕላስቲክ 0.2፣ አየር ደግሞ 0.026 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በሰሌዳውና በአሉሚኒየሙ አካል መካከል የቀረ ቀጭን የአየር ክፍተት የወፍራም ብረትን ጥቅም ያሳጣል። ሙቀት አስተላላፊ ቅባት የሚቀባው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በፕላስቲክ አካል ውስጥ በተደረደሩ ባለ 5 ሚሊሜትር ኤልኢዲዎች ደግሞ የሙቀቱ ዋና መውጫ ሁለቱ ቀጫጭን የብረት እግሮች ናቸው።

የኤልኢዲ ቮልቴጅ በሙቀት ጊዜ መውረዱም ሌላ ችግር ይፈጥራል። ለየራሳቸው ሬዚስተር ሳይኖራቸው ጎን ለጎን በተገናኙ ኤልኢዲዎች መካከል ይበልጥ የሞቀው ብዙ ኮረንት ይስባል፤ በዚያም የተነሣ ከሌሎቹ ቀድሞ ይጎዳል።

የአካባቢው ሁኔታም መታሰብ አለበት። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተፈጥሯዊው የአየር ዝውውር የሚወስደው ሙቀት በዚህ ምክንያት ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ የጨረሩ ድርሻ ግን አይለወጥም። የደጋው ቅዝቃዜ ይህን ጉድለት ያካክሳል። በአፋር ቆላ ደግሞ ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርስ አየር መጋጠሚያው ገና ከመነሻው በዚያው መጠን ይሞቃል።

መንስኤውን ለመለየት

ሦስቱን መንስኤዎች ለመለየት ውስብስብ መሣሪያ አያስፈልግም። በጨለማ ክፍል ውስጥ በቋሚ ርቀት የተቀመጠ የብርሃን መለኪያና የተረጋጋ የኃይል ምንጭ ይበቃሉ። በመጀመሪያ በኤልኢዲው የሚያልፈው ኮረንት ከቀድሞው መጠን ጋር ይነጻጸራል፤ ዕቃው ገና ሳይሞቅ ኮረንቱ ከቀነሰ ችግሩ የባትሪ ድንጋዩ ወይም የሰርኪዩቱ ነው። ቀጥሎ በእኩል ኮረንት መብራቱ እንደተከፈተና ከ30 ደቂቃ በኋላ ያለው ብርሃን ይለካል፤ ልዩነቱ የሚመለሰው መቀነስ ነው። በመጨረሻም ዕቃው ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የተለካው ብርሃን አዲስ ሳለ ከተመዘገበው ጋር ይነጻጸራል፤ ከዚህ የጎደለው የማይመለሰው መዳከም ነው። በጊዜ ሂደት የሚመለሰው መቀነስ ራሱ እያደገ ከመጣ የብየዳው ወይም የቅባቱ ግንኙነት መላላቱን ይጠቁማል።

ማጠቃለያ

የእጅ ባትሪን ጥራት በኤልኢዲው ስም ወይም በታተመው ሉመን ብቻ መመዘን ያሳስታል። ለፀሐይ ፋኖሶች የወጣው የላይቲንግ ግሎባል የጥራት መስፈርት ከ2,000 ሰዓት በኋላ ቢያንስ 85 በመቶ ብርሃን እንዲቀር ይጠይቅ የነበረው ከኤልኢዲው ሳይሆን ከምርቱ ነው። የሙቀቱ መንገድ በፍተሻው ውስጥ የሚካተተው እንዲህ ሲሆን ነው። ለተራ የእጅ ባትሪዎችም ተመሳሳይ ፍተሻ ማድረግ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አቅም የሚቻል ነው፤ በሚሠራበት ከፍታና የአየር ጠባይ ሲደረግም ውጤቱ ለአካባቢው ገዢ ይበልጥ ይጠቅማል።