ወንዙን የማያሳይ ክፍል

ለንደን ውስጥ ዌስትሚኒስተር ድልድይን እንደተሻገሩ፣ ከፓርላማው ማዶ፣ ካውንቲ ሆል የሚባል ግዙፍ የድንጋይ ሕንጻ ይገኛል። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1922 መርቀው የከፈቱት ይህ ሕንጻ እስከ 1986 ድረስ የከተማዋ አስተዳደር መቀመጫ ነበር (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዛሬ ሁለት ሆቴሎች ተጋርተውታል። ማሪዮት ወንዙን የሚያየውን ፊቱን ይዟል፤ ከመስኮቶቹ ቴምዝና ቢግ ቤን ይታያሉ። ጀርባውን የያዘው ርካሹ ፕሪሚየር ኢን ነው፤ እዚያ ወንዝ አይታይም። ጠዋት ግን የሁለቱም እንግዶች የሚወጡት ወደ አንድ ሰፈር ነው፤ ዋተርሉ ባቡር ጣቢያም ለሁለቱም የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። በከተማ እምብርት ያለ ርካሽ ባለብዙ ቅርንጫፍ ሆቴል ለእንግዳው የሚሰጠውንና የሚነፍገውን እንዲህ አጉልቶ የሚያሳይ ሌላ ቦታ አላውቅም።

የዚህ ዓይነቱ ሆቴል ሥሩ አሜሪካ፣ አውራ ጎዳና ዳር ነው። ኬመንስ ዊልሰን የተባለ የሜምፊስ ቤት ሠሪ ነጋዴ በ1951 ሚስቱንና አምስት ልጆቹን በመኪና ይዞ ዋሽንግተንን ሊያስጎበኝ ተነሳ። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እየተኙ፣ ያደሩባቸው ሞቴሎች ለእያንዳንዱ ልጅ ተጨማሪ ሂሳብ ጠየቁት። ተናዶ ተመለሰ፤ በዓመቱም ሆሊዴይ ኢንን ከፈተ። ለልጅ አያስከፍልም፣ አንዱ ቅርንጫፍም ከሌላው አይለይም ነበር። በ1962 ደግሞ ካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ላይ ሞቴል 6 ተከፈተ፤ ስሙ ውስጥ ያለው 6 የአንድ ሌሊት ዋጋ ነበር፣ 6 ዶላር። ብሪታንያ ውስጥ ትራቭሎጅ በ1985 ጀመረ፣ የዛሬው ፕሪሚየር ኢን ደግሞ ትራቭል ኢን በሚል ስም በ1987 ተከተለው። ባለቤቱ ዊትብሬድ በ1742 ተቋቁሞ፣ በኋላ ጠመቃውን እስኪተው ድረስ ለረጅም ዘመን ቢራ ሲጠምቅ የኖረ ኩባንያ ነው። ብዙዎቹን የመጀመሪያ ሆቴሎቹን የሠራው መንገድ ዳር በነበሩት በራሱ ምግብ ቤቶች አጠገብ ስለነበር ሌላ ወጥ ቤት ማቆም አላስፈለገውም። ዛሬ ከ800 በላይ ሆቴሎች ያሉት የብሪታንያ ትልቁ የሆቴል ስም ሆኗል።

ዋጋውን የሚያወርደው የተተወው ነገር ነው። ሻንጣ የሚሸከም ሰው የለም፣ መዋኛ የለም፣ የሠርግ አዳራሽ የለም። እንግዳ መቀበያው ላይ በብዙ ቦታ እንግዳው ራሱ ስክሪን ነክቶ ይመዘገባል፣ የክፍሉንም ካርድ ያወጣል። ቁጠባው ከግንባታው ይጀምራል። ትራቭሎጅ በ2008 ከለንደን ምዕራብ አክስብሪጅ ላይ የከፈተው ሆቴል፣ ቻይና ውስጥ ተሠርተው በመርከብ የመጡ የብረት ክፍሎች እንደ ኮንቴይነር ተደራርበው የቆሙበት ነው። መሃል ከተማ ላይ መሬቱ ውድ ስለሆነ የድሮ ቢሮዎች እየተከፋፈሉ መኝታ ይሆናሉ፤ አንዳንዱ ክፍል ጭራሽ መስኮት የለውም። አየር ካላገኘ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ከመክፈሉ በፊት ይህን አጣርቶ ይያዝ።

ክፍሉ በካርድ ይከፈታል። በብዙዎቹ ካርዱ ከበሩ አጠገብ ያለው ማስገቢያ ውስጥ ካልገባ መብራት አይበራም፤ እንግዳው ካርዱን ነቅሎ ሲወጣ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። በቁም ሳጥን ፈንታ ብረት ላይ የተንጠለጠሉ ጥቂት መስቀያዎች አሉ። የሻወሩ ሳሙና ግድግዳ ላይ በተገጠመ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ጠረጴዛ አለ፣ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያም ከነሻዩ ከነቡናው አለ፤ ማቀዝቀዣ ግን አይጠበቅም። የቀረውን ቦታ አልጋው ወስዶታል። ወፍራም ፍራሽ፣ ነጭ አንሶላ፣ ብርሃን የማያስገባ መጋረጃ፣ የመንገዱን ጩኸት የሚያስቀር ድርብ መስታወት። ሌላው ሁሉ ሲቀነስ እዚህ ላይ አልተሰሰተም። ፕሪሚየር ኢን ጥሩ እንቅልፍ ላልተኛ እንግዳ ገንዘቡን እንደሚመልስ ለዓመታት ሲያስተዋውቅ ኖሯል፤ ሻጩ ዕቃው ምን እንደሆነ በሚገባ ያውቃል ማለት ነው።

ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት መሆኑን የሚጠሉ አሉ፤ ነፍስ የለውም ይላሉ። እኔ አልስማማም። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ሕፃን ታቅፋ፣ ሻንጣ እየጎተተች፣ በማታውቀው ከተማ ከባቡር የወረደች እናት ማብሪያ ማጥፊያው የት እንዳለ አስቀድማ ማወቋ ትልቅ እፎይታ ነው። ማንቸስተር ያደረ ኤዲንብራ ላይ አይደናገርም።

ያንን አንድ ዓይነትነት በየቀኑ የሚያመጣው የሰው ጉልበት ነው። በእነዚህ ሆቴሎች ከሁሉ የከበደው ሥራ የአልጋ አንጣፊዎቹ ነው። እንግዳ ሲወጣ ሌላው እስኪገባ ባለው አጭር ሰዓት ፍራሹን አንስተው አንሶላውን ማጠፍ፣ ሽንት ቤቱን ማጠብ፣ ፎጣውን መቀየር አለባቸው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው በር። ለንደን ውስጥ ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ርካሹ አልጋ በእነሱ ወገብ ላይ የተነጠፈ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ለነሱ ጥቂት ገንዘብ ትቶ መውጣት፣ ፎጣውን አንድ ላይ ሰብስቦ ማስቀመጥ የሚገባ ነገር ነው።

ቁርሱ ለብቻው ይከፈላል፤ ከፍለው ከገቡ እስኪጠግቡ መብላት ነው። አንድ አዋቂ ሙሉ ቁርስ ሲያዝ ፕሪሚየር ኢን ሁለት ልጆችን በነፃ ያበላል፤ ለባለቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከትኩሱ ምግብ ውስጥ ቤከንና የአሳማ ቋሊማ ስለሚኖር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ወገናችን ከማንሳቱ በፊት ይጠይቅ። ለጾመኛ ባቄላው፣ እንጉዳዩ፣ ቲማቲሙ፣ ዳቦውና ፍራፍሬው አለ፤ በምን እንደተጠበሰ መጠየቅ ነው።

ለክፍሉ የተቆረጠ ዋጋ የሚባል ነገር የለም። እንደ አውሮፕላን ትኬት ነው፤ ቀድሞ ለያዘ ይረክሳል፣ ኳስ ወይም ትልቅ ኮንሰርት ባለበት ምሽት ያሻቅባል። ያኔ «ርካሽ» የሚለው ስም ብዙ አያስተማምንም፤ ሌሎች ሆቴሎችንም ማመሳከር ይገባል። ለአንዱ ክፍል ደግሞ ከአንድ በላይ ዋጋ ይቀርባል። ዝቅተኛው ቢሰርዙት አብዛኛውን ጊዜ የማይመለስ ነው፤ ከፍ ያለው እስከ መግቢያው ዕለት ድረስ ሊሰረዝ ይችላል። አክስቱን ወይም የወንድሙን ሠርግ ብሎ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ቪዛው እጁ ሳይገባ ያንን የማይመለሰውን ዋጋ እንዳይነካው አጥብቄ እመክራለሁ። ከስቶክሆልም ወይም ከፍራንክፈርት የሚመጣው፣ ቀኑ የተቆረጠለትና የሚያግደው የሌለው ዘመዱ ግን በዚያው ዋጋ ቀደም ብሎ ቢይዝ ይሻለዋል።