ከፈረቃ መዝገብ ወደ ዕውቀት መረብ፦ የፋብሪካ መረጃ በጎጃም ደጋ

ጎጃም ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ጤፉና ማሩ ነው። አሁን ግን ከማሳው ጎን ከባድ ማሽን ተተክሏል። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የፊቤላ፣ በደብረ ማርቆስ ደግሞ የደብልዩ ኤ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል። ከበለስ በባሕር ዳር አድርጎ ወደ ሱሉልታ የሚሄደው ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚያልፈው በደብረ ማርቆስ ነው። የእነዚህን ሁሉ መሣሪያዎች መረጃ አያይዞ ማስቀመጥ ማሽኑን ከመትከል የማያንስ ሥራ ነው።

በብዙ ፋብሪካ መረጃው የተበታተነ ነው። የመለዋወጫው ብዛት በመጋዘን ካርድ ላይ፣ ንድፉ በመሐንዲሱ ካዝና፣ ብልሽቱ በፈረቃ መዝገብ፣ ሙቀቱና ግፊቱ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኮምፒውተር ይገኛል። የብልሽቱን ምክንያት የሚያውቀው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነባር መካኒክ ነው፤ እሱ ጡረታ ሲወጣ ዕውቀቱም አብሮት ይወጣል። ባለሙያዎች ኖሌጅ ግራፍ የሚሉት የዕውቀት መረብ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቋሚ መለያ ይሰጥና ግንኙነቱን ይመዘግባል፦ ይህ ሞተር ያንን ፓምፕ ያዞራል፣ ፓምፑ ለኮንደንሰሩ ውሃ ይልካል፣ የፓምፑ ኩሽኔታ ቁጥሩ ይህ ነው፣ ባለፈው የቀየረው እገሌ ነው።

ጥቅሙ በዘይት ማጣሪያ ላይ ጎልቶ ይታያል። ዘይቱ ሽታው የሚወጣለት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ፣ አየሩ በተመጠጠ ማማ ውስጥ በእንፋሎት ነው። የማቀዝቀዣ ውሃ ፓምፑ ሲዳከም እንፋሎቱን ወደ ውሃ የሚመልሰው ኮንደንሰር ይሞቃል፣ ማማው ውስጥ ያለው ቫኪዩም ይወርዳል፣ ሽታው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ላቦራቶሪው የጥራት ጉድለት ብሎ የሚጽፈውና ጥገና ክፍሉ የኩሽኔታ ድምፅ ብሎ የሚጽፈው አንድ ችግር መሆኑን የመጋዘን ሠንጠረዥ አያሳይም፤ መረቡ ያሳያል።

ለጎጃም ደጋ ደግሞ የተለየ ምክንያት አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ሞተር መስፈርት ግን የሞተሩን አቅም የሚያሰላው ከ1,000 ሜትር ለማይበልጥ ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ እንደልቡ አይቀዘቅዝም፤ ለከፍታው ተብሎ በልዩ ትእዛዝ ካልተሠራ በቀር ጭነቱ መቀነስ አለበት። በከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያም የአየር ክፍተቱ ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅም ይቀንሳል። በደብረ ማርቆስ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ሙቅ ውሃ የሚስብ ፓምፕ በቶሎ አረፋ ይፈጥርና ይጎዳል። የቦታው ከፍታ አንዴ መረቡ ውስጥ ከገባ እዚያ ከተተከለ እያንዳንዱ ሞተርና ፓምፕ ጋር ይያያዛል፤ አዲስ ግዢ ሲጠየቅም ማስጠንቀቂያው አብሮ ይመጣል። ይህን ሌላ አገር የተዘጋጀ ማኑዋል አያደርግልንም።

የመስኩ ታሪክ ረጅም አይደለም። ዕውነታን በባለቤት፣ በግንኙነትና በተገናኝ የሚጽፈው አርዲኤፍ እ.ኤ.አ. በ1999 መስፈርት ሆነ፤ ኖሌጅ ግራፍ የሚለውን ስያሜ ያስፋፋው በ2012 ጉግል ነው። ለፋብሪካዎች ኢሶ 15926፣ ለነዳጅና ጋዝ መሣሪያዎች የጥገና መረጃ ኢሶ 14224፣ ማሽኖች እርስ በርስ ለሚለዋወጡት መረጃ ደግሞ ኦፒሲ ዩኤ አሉ። የአቪዬሽን ጥገና ከሁሉም ቀድሟል፤ በአውሮፕላን የጥገና ማኑዋል ምዕራፍ 32 በየትኛውም አገር ሃንጋር የማረፊያ ጎማ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ላይ አይኮግ ላብስ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ዕውቀትን በመረብ መልክ በሚይዘው የኦፕንኮግ ሶፍትዌር ሥራ ተሳትፏል፤ ስለዚህ ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

አስቸጋሪው መዝገቡ ነው። አንዱ ፈረቃ ኩሽኔታ፣ ሌላው ቤሪንግ ብሎ ይጽፋል፤ የግዢ ሰነዱ በእንግሊዝኛ ነው። ሁሉንም በግድ አንድ ማድረግ ሳይሆን ስሞቹን ከአንድ መለያ ጋር ማያያዝ ይበቃል። በእኔ እምነት ሥራው በቦይለር ክፍሉ ብቻ ቢጀመር፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም እንዲሠራ በግቢው ሰርቨር ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች የማሽኖቹን የስም ሰሌዳ ፎቶ አንሥተው መለያ መስጠት ይችላሉ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚያጸድቀው ግን ነባሩ መካኒክ ስለሆነ፣ ለዚህ የሚውለው ጊዜ ከሥራ ሰዓቱ ተቆርጦ ሊሰጠው ይገባል።